ዶክተሩ ጆሮዬን ያየ ቀን

ውጫሌ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። ሻሽ ለጠየቀችኝ ሴት ሻርፕ አውርጄ መስጠት ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ። ታናሽ እህቴ ከዓረብ አገር በተመለሰች ሳምንት ነቃችብኝ።

«እትዬ፣ አትሰሚም እንዴ?»

«ገበያው ነው ያደነቆረኝ።»

«አሁን ያለነው እኮ ቤት ነው!»

በማግስቱ ደሴ ወዳለ የጆሮ ሐኪም ይዛኝ ሄደች። ሚኒባሱ ሐይቅ ሲደርስ «ጆሮዬን ይቀድዱኝ ይሆን?» አልኳት። አፏን ጆሮዬ ላይ ለጥፋ «አብሽሪ!» አለችኝ።

ዶክተሩ ወጣት ነው። መቼ እንደጀመረኝ፣ ይጮህብኝ፣ ያዞረኝ እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት እንደምወስድ ጠየቀኝ። ከዚያ «ሲያሳክክዎ በምን ያኩታል?» አለ።

«በክብሪት እንጨት» አልኩ አፍሬ።

«ከዛሬ ጀምሮ ክብሪቱ ለምድጃ ብቻ ነው» ብሎ ሳቀ። ጫፉ ላይ መብራት ባለው መሣሪያ ሁለቱንም ጆሮዎቼን አየ። «ታምቡሩ ደህና ነው። ግራው ግን በኩክ ተደፍኗል። እናጥበዋለን።»

ለብ ያለ ውኃ ሲገባ ትንሽ አዞረኝ እንጂ አላመመኝም። ባቄላ የሚያህል ጥቁር ነገር ከጆሮዬ ሥር በያዙልኝ ሳህን ላይ ጠብ አለ። ወዲያው አንዱ ወንበር ሲጎትት ደንግጬ ዘለልኩ! ሻርፔ ጆሮዬን ሲነካ እንኳ ሽው ሽው ይላል።

«አልሐምዱሊላህ! ሰማሁ!» ብዬ ጮህኩ።

«እኛም ሰማን» አለ ዶክተሩ።

ቀጥሎ ድምፅ የማያስገባ ትንሽ ክፍል አስገብተው ማዳመጫ አጠለቁልኝ። ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ መጫን ነበረብኝ። እንደ ትንኝ የቀጠነውን ሁሉ እያደንኩ፣ ውድድር ላይ እንዳለ ሰው ተጫንኩ። ውጤቱ ሲወጣ የግራው መደፈን ለቋል፤ ሁለቱም ግን በዕድሜ ትንሽ ደክመዋል። «ለጊዜው የመስሚያ መሣሪያ አያስፈልግዎትም። ከዓመት በኋላ ይምጡና ጆሮዎን እንለካዋለን» አለኝ።

ስንመለስ እህቴ ደክሟት አንቀላፋች። እኔ ግን የጎማውን ድምፅ፣ የመስኮቱን መንቀጥቀጥ፣ የሰዉን ወሬ እየለቀምኩ ብቻዬን እስቃለሁ። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ተንሾካሾኩ።

«ይቺ ሴትዮ ምን ያስቃታል?»

ዞር አልኩና «እናንተን መስማቴ!» አልኳቸው።

ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ።