በደቂቃ አሥራ አራት

ሳጥኗን ግድግዳው ላይ ስሰቅል ሽማግሌው ፊታቸውን አዙረውብኝ ነበር። በሳንባ ምች ከተኙበት ሆስፒታል ገና መውጣታቸው ነው። እኔም ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ጤና ጣቢያ ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም። መዳፍ የምታህለው ነጭ ሳጥን የተኛውን ሰው ሳትነካ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ለይታ፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደተነፈሰ ወደ ስልኬ ትልካለች። ይህንኑ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው።

«ካሜራ አለው?» አለች ልጃቸው በሩን ይዛ እንደቆመች።

«የለውም።»

«አባባ፣ ሰላይ አስገቡልዎት!» ብላ ሳቀች።

እሳቸው አልሳቁም። «ሐኪም እጅ ይይዛል። ይችማ ከግድግዳ ጋር ልታጋባኝ ነው» አሉ።

እውነቱን ለመናገር ሳጥኗን የወደድኳት እዚያ ቤት ከመመላለስ ስላዳነችኝ ነው። ሰው ፊት ድምፄ ይጠፋል፤ በስልክ ግን ደፋር ነኝ።

ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ የቆርቆሮው ቤት ያፍናል። ሽማግሌው ግቢው ውስጥ ካለው ራኩባ፣ ከሣር ዳሱ ሥር ይቀመጣሉ። ሳጥኗ አልጋው ባዶ መሆኑን በነገረችኝ ቁጥር ለልጃቸው እደውላለሁ።

«በገዛ ግቢው መቀመጥም ተከለከለ በይኛ!» ብላ ትዘጋብኛለች።

ከዚያ አልጋው ባዶ መሆኑን ተወ። በደቂቃ አሥራ አራት፣ አንዳንዴ አሥራ አምስት። ከሆስፒታል ሲወጡ ትንፋሻቸው ሃያ አራት ነበር። ደስ ብሎኝ አምስት ቀን ሳልሄድም ሳልደውልም ቆየሁ።

በስድስተኛው ቀን «ተሽሏቸዋል፤ ሳጥኗን ልወስድ ነው» እያልኩ ገባሁ። አልጋው ላይ ለሰሊጥ አረም ከጎጃም የመጣ ጎልማሳ የቀን ሠራተኛ ተዘርግቷል። እግሩ ቆስሎ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ማሳ መውረድ አልቻለም።

«እየደወልሽ አላስቀምጥ አልሽን» አለች ልጃቸው። «አባባ ‹ሰው አስተኙላትና አፏን ትዝጋ› አሉ። አስተኛንልሽ።»

ወደ ራኩባው ሮጥኩ። ሽማግሌው እዚያ በተዘረጋ ሌላ አልጋ ላይ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ጠርዙን ይዘዋል። በየትንፋሹ የጎድን አጥንታቸው መሃል ይሰረጎዳል፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ስምንት።

«ሂጅ… ግድግዳሽን… ጠይቂ» አሉኝ።

«ባጃጅ ጥሩ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ።

«ሆስፒታል አልመለስም ብለዋል» አለች ልጃቸው። «እዚያ ቢሞቱ አንች ነሽ የምትቀብሪያቸው?»

«እዚህ ከቆዩ ዛሬ ይሞታሉ» አልኳት፣ እሳቸው እየሰሙ። በክፉ ዓይን አየችኝ፤ ግን ስልኳን አወጣች። ሠራተኛው እያነከሰ መጥቶ በአንድ በኩል እሱ፣ በሌላው እኔ ደግፈን ጫንናቸው።

ሆስፒታል ኦክስጅን ከተደረገላቸው በኋላ ሐኪሙ ትንፋሻቸው ማጠር የጀመረው መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ስልኬ ውስጥ የአምስት ቀን ቁጥር ነበር፤ አንዱም የእሳቸው አልነበረም።

«አላውቅም» አልኩ።

«ከምን ታውቂው! ሳታይ ተሽሏቸዋል ስትይ አልነበር?» አለች ልጃቸው፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማ። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከእሁድ ጀምሮ ነው።»

ከሳምንት በላይ ተኝተው ወጡ፤ ሳጥኗን እኔ ቀደም ብዬ ከግድግዳው ነቅዬ ወስጃት ነበር። በማግስቱ ሄድኩ። ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ «ያንን ነገር ይዘሽ አትገቢም» አለችኝ።

«አልያዝኩም። ልቆጥር ነው የመጣሁት።»

ከራኩባው ሥር «ቆጥራ ትሂድ፤ ወሬ እንዳታበዛ ብቻ!» የሚል ድምፅ መጣ።

አጠገባቸው ቆሜ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ሳያነሱ፣ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ። ሃያ ሁለት።