የዘመነች ባል ስም የላቸውም እንዴ?

ከጎረቤቴ ከዘመነች ጋር አሥራ ስምንት ዓመት አጥር ተጋርተን ስንኖር፣ የባሏን ስም ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ፊት ለፊት «አንቱ» ትላቸዋለች፤ ለሰው ስታወራ «እሳቸው»። እናቷ ጎጃም ሲያሳድጓት የባልን ስም መጥራት ነውር ነው ብለዋታል፤ አለቀ! እኔ የሺእመቤት ግን ባሌን በስሙ እየጠራሁ፣ ሲያናድደኝም ሌላ ስም እየጨመርኩለት ነው የኖርኩት።

ባሏ ጋሼ ሀብተሥላሴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ወጣቱ ለጦር ሜዳ በሚታፈስበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ አንድ ቅዳሜ ለወንድማቸው ልጅ ሠርግ ብለው ጢማቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጩ። ሃምሳ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት የቀራቸው ሰውዬ ጎረምሳ መሰሉ። ቀራንዮ ፌርማታ እንደቆሙ ከጎረምሶቹ ጋር ለቀም!

ወሬው ሲደርሰን እኔና ዘመነች ነጠላችንን እየጎተትን ቀበሌ ደረስን። ግቢው በታፈሰ ሰው ተሞልቷል፤ የጭነት መኪናው ሞተሩን አስነስቷል። ዕድሜው የገፋ ካለ ቤተሰቡ በስሙ ጠርቶ ይውሰድ ተብሏል። መኪናው ከሄደማ ማን ያገኛቸዋል?

«ማንን ነው የፈለጉት፣ እናቴ?» አላት በረኛው።

«እሳቸውን።»

«እሳቸው ማን?»

«የልጄን የዓለምን አባት።»

«እናቴ፣ እዚህ ያለው ሁሉ የሰው አባት ነኝ ነው የሚለው። ስም!»

እኔ ስማቸውን ልናገር አፌን ስከፍት «እርስዎ ምኑ ነዎት?» አለኝ።

«ጎረቤት።»

«ትናንት ጎረቤት ነኝ እያለ ስንቱ መጣ! ሚስትየዋ ትጥራ።» ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ «የባሏን ስም የማታውቅ ሚስት አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አለና ተሳሳቁ።

እኔ እግሬ አላርፍ አለ። በሩ ጋ እሄዳለሁ፣ ወደ መኪናው አያለሁ፣ እመለሳለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የዚያን ቀን ግን ሊነቅዝ ነበር። ክንዷን ቆነጠጥኳት።

«አንቺ ሴት፣ በቁምሽ ባል ልታጪ ነው! ጥሪያቸው!»

«በምን አፌ፣ የሺ? ሰው ፊት?»

ሾፌሩ ገብቶ በሩን ዘጋ። ዘመነች የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሀብተሥላሴ!»

ግቢው ሁሉ ዞሮ አያት። ጋሼ ግን ንቅንቅ የለም! ግድግዳው ሥር ተቀምጠው አማተቡና ጭራሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እንግዲህ መልስ የለም» አለ በረኛው።

ደሜ ፈላ። «ኧረ ጋሼ! ምን ይጎልትዎታል? እሷ እኮ ናት!» ብዬ አምባረቅሁ።

ዓይናቸውን ገልጠው አዩን። እየተንገዳገዱ ተነሥተው መጡ። በረኛው ቀረብ ብሎ የፊታቸውን ሽብሽብ ሲያይ «ሂዱ በሉ» አለ።

መንገድ ላይ ንዴቴ አልበርድ አለኝ።

«ምን ነካዎት? ሚስትዎ ስትጠራዎት ዝም ይባላል?»

የተላጨ አገጫቸውን ዳበሱ።

«የሺዬ፣ ሌላው ሁሉ ጋሼ ነው የሚለኝ። በባዶ ስሜ የምትጠራኝ ሴት እናቴ ብቻ ነበረች። እሷ ካረፈች ደግሞ ሃያ ዓመቷ ነው።» ቆም አሉ። «ልትወስደኝ የመጣች መሰለኝ።»

ዘመነች መሳቅ ጀመረችና መንገዱ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች።