እትዬ ዐርዋ የሌሉባቸው አሥራ አንድ ቀናት

እትዬ ዐርዋን ያወቅኋቸው አሶሳ በተመደብኩ በሁለተኛው ቀን ነው። የምርምር ማዕከላችን ጣሪያ ላይ ስወጣ ቀድመውኝ ወጥተው የፀሐይ መለኪያውን መስታወት በነጭ ጨርቅ ሲወለውሉ አገኘኋቸው። መለኪያው አናቱ ላይ ግማሽ ሎሚ የምታህል መስታወት ያለችው ትንሽ ዕቃ ነው። ከፀሐይ የሚመጣውን ኃይል በየደቂቃው ይመዘግባል። በክልሉ ሶላር ሊተክል የሚያስብ ሁሉ እኛ ዘንድ የሚመጣው ያንን ቁጥር ፍለጋ ነው፤ በየትኛው ወር ስንት ፀሐይ እንደሚገኝ ካላወቀ ስንት ሶላር እንደሚበቃው አያውቅም።

«አንተ አዲሱ ተመራማሪ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ምንያህል እባላለሁ። ከዳንግላ ነው የመጣሁት።»

«እንኳን መጣህ። ይሄን በእጅ አትንካ። ቅባት ይይዛል።»

የማዕከሉ ጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ያደጉት በኩርሙክ መንገድ ላይ ባለች የበርታ መንደር ነው። ባላቸው ሲሞቱ ልጆቻቸውን ይዘው አሶሳ ገቡ፣ ማንጎ እየቸረቸሩ አሳደጓቸው፣ አማርኛንም እዚያው ገበያ ላይ ለመዱ። ስለዚህ ለዳይሬክተራችንም፣ ለጸሐፊዋ ለሎዛም፣ ለእኔም «አንተ» ነው የሚሉት። ሎዛ መጀመሪያ ሰሞን ትስቅ ነበር አሉ። አሁን ግን ማዕከሉ በሙሉ «አንተ ሎዛ» እያለ ይጠራታል፣ እሷም አቤት ትላለች።

መስታወቱን እንዲወለውሉ ያዘዛቸው ሰው አልነበረም። ከአራት ዓመት በፊት መለኪያውን የተከለው ባለሙያ «ንጽሕናው ይጠበቅ» ብሎ ሄደ። ንጽሕና ከተባለ የእኔ ነው ብለው ያዙት፤ በቃ።

በመጣሁበት ዓመት፣ በጥር አጋማሽ ላይ፣ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ሣር የሚቃጠልበት ወቅት ስለሆነ ጭስም አቧራም አለ፤ ያለፉት ዓመታት ጥር ግን እንዲህ አልነበረም። ለአሥራ አንድ ቀን በየዕለቱ ወረደ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ድንገት ሽቅብ ተመነጠቀ። መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ ወሰንኩ። አዲስ አበባ ተልኮ እንዲጠገን ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የአሥራ አንዱን ቀን ዳታም ልሰርዝ ተዘጋጀሁ።

ዕቃውን የማሽግበትን ካርቶን ሳበጅ እትዬ ዐርዋ መወልወያቸውን ይዘው ገቡ።

«ይሄ የት ይሄዳል?»

«መለኪያው ታሟል እትዬ። አዲስ አበባ ሄዶ ይታከማል።»

«አልታመመም።»

ኮምፒውተሩ ላይ መስመሩን አሳየኋቸው። «ይዩ፣ እዚህ ጋ ወረደ፣ ወረደ፣ ማክሰኞ ዕለት ድንገት ተነሣ።»

መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «ማክሰኞ እኔ መጣሁ።»

«ከየት?»

«ከኩርሙክ። ልጄ ወለደ። አሥራ አንድ ቀን እዚያ ቆየሁ። ስመለስ መስታወቱ እንደ አመድ ሆኖ ነበር። ጠረግሁ።»

አፈርኩ። በእነዚያ ቀናት ቢሮዬን ሌላ ሴት ስትጠርግ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እትዬ ዐርዋ የት ገቡ ብዬ ግን ማንንም አልጠየቅሁም።

«ልጅዎ በሰላም ተገላገለች?» አልኳቸው፣ ዘግይቼም ቢሆን።

«አልሐምዱሊላህ። ሴት ነው።»

ደብዳቤውን ቀደድኩት። ካሰብኩበት በኋላ ግን ነገሩ ከመለኪያው አለፈብኝ። አሥራ አንድ ቀን ያልተወለወለ መስታወት ቁጥሩን እንዲህ ካወረደ፣ በየገጠሩ ጣሪያ ላይ ማንም የማይነካቸው ሶላሮች ምን እየሆኑ ነው? ሁለት አንድ ዓይነት ሶላሮች ጣሪያው ላይ ጎን ለጎን ተከልን። አንዱ በየጠዋቱ ይወለወላል፣ ሌላው አይነካም። ኃላፊዋ እትዬ ዐርዋ ሆኑ።

«ይሄን ለምን እንተዋለን?» አሉ ባልተወለወለው እየተከፉ። «ነውር ነው።»

በሦስተኛው ሳምንት የቆሻሻው ሶላር ጉልበት ከንጹሑ ጋር እኩል ሆኖ አደረ። ወደ እሳቸው ስዞር መሬት መሬት አዩ። «እንግዳ ይመጣል ተባለ» አሉ። «አፈርኩ።» ከሀ ጀመርን።

ዳግመኛ ሲሞከር በአርባ ቀን ውስጥ ያልተወለወለው ከጓደኛው ሩቡን ያህል ቀንሶ ተገኘ። አንድ ገጽ ምክር በአማርኛና በበርታ ቋንቋ አዘጋጅተን በየወረዳው በተንን። የበርታውን እሳቸው ቃል በቃል እየሰሙ አረሙት፤ ተርጓሚው ሦስት ጊዜ ጻፈው።

ብዙም ሳይቆይ ጀዕፈር የሚባል የጤና ባለሙያ ከኩርሙክ አቅራቢያ ደወለ። በሶላር የሚሠራው የክትባት ማቀዝቀዣው ከታኅሣሥ ጀምሮ አልቀዘቅዝ ብሎታል፣ ክትባቱን ወደ ሌላ ጣቢያ አዛውሮ አዲስ ባትሪ እየጠበቀ ነው። እትዬ ዐርዋን ይዤ ሄድኩ። በዚያ ኮረኮንች ስንናጥ ውለን እንደደረስን፣ ውኃ እንኳ ሳይጠጡ መሰላል ጠየቁ። በለስላሳ ጨርቅና በባልዲ ውኃ ስድስቱንም ሶላር አጠቡ። የወረደው ውኃ የከሰል እጣቢ ይመስል ነበር። በማግስቱ ማቀዝቀዣው እንደ ድሮው ቀዘቀዘ።

ጀዕፈርን አቁመው በቋንቋቸው ረጅም ነገር ተናገሩት። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

«ምን አሉህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ይህንንስ አልተረጉመውም» አለኝ አንገቱን እያሻሸ።

ዳይሬክተራችን የደረጃ ዕድገት ሁለት ጊዜ ጻፉላቸው፤ ሁለቱም ጊዜ የትምህርት ማስረጃ የለም ተብሎ ተመለሰ። ሦስተኛው አለፈ፤ የመስክ ረዳት ተባሉ። የሁለቱ ሶላሮች ሙከራ ሪፖርት ታትሞ ሲመጣ ሽፋኑ ላይ በሦስተኛ ተራ የተጻፈውን ስማቸውን በጣቴ እያመለከትኩ አነበብኩላቸው።

«ይሄ ወረቀት ለማን ነው?»

«ሶላር ለሚተክል ሁሉ። ለጠየቀ ይሰጣል።»

«የእኔ ስም ያለበት?»

«የእርስዎ ስም ያለበት።»

አንዱን ቅጂ አጥፈው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። ለሴት ልጃቸው ሊልኩት እንደሆነ ሎዛ በኋላ ነገረችኝ።