የቆረጥኩት ሰላምታ

ካርቱም እያለሁ ካርቱምን አልወደድኳትም ነበር። ሙቀቷን ስረግም፣ አቧራዋን ስረግም፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሳማርር ኖሬ፣ ጦርነቱ ካስወጣኝ በኋላ ነው ምን እንደነበረኝ የገባኝ። አሁን ፖርት ሱዳን ሆኜ የምናፍቀው የአባይን ዳርቻ አይደለም። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ድሮ ኩሽና የነበረች፣ ግድግዳዋ ላይ አሮጌ ፍራሽ የተቸነከረባት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት የምትናፍቀኝ። ስቱዲዮ እንላት ነበር። ዛሬ ጣሪያ ይኑራት አይኑራት አላውቅም፤ የሚነግረኝም ሰው የለም።

ጣቢያው የማኅበረሰብ ሬዲዮ ነበር። ቀኑን ሙሉ በዐረብኛ ያስተላልፋል፤ ለእኛ ለሐበሾች ደግሞ በሳምንት አንድ የአማርኛ ቃለ መጠይቅ ፈቅዶልናል። ያንን ቃለ መጠይቅ ፖድካስት አድርገን በቴሌግራምና በዋትስአፕ እንለቀው ነበር፤ ከስልክ ስልክ እየዘለለ አገር ቤት ድረስ ይገባል። እኛ የምለው ሁለት ሰው ነው። እንግዳ የምፈልገው፣ የምጠይቀውና ቀረጻውን ቆርጬ የማስተካክለው እኔ ነበርኩ። ድምፅ የሚቀዱት ደግሞ ጋሼ ናቸው፤ በፖለቲካ ተሰደው ከሠላሳ ዓመት በላይ ካርቱም የኖሩ፣ የቀድሞ የፊዚክስ መምህር። ቀረጻ ሲጀመር አየር ማቀዝቀዣው ስለሚጮህ ይጠፋል፤ እንግዳውም ጠያቂውም ላብ በላብ ሆነን እንወጣለን።

እውነቱን ለመናገር ኩራቴ መቁረጥ ነበር። ሳሉን፣ «እ... እ...» የሚለውን፣ ትንፋሹን፣ ዝምታውን ሁሉ አወጣለሁ። አንድ ሰዓት የተንዛዛ ወሬ ሃያ አምስት ደቂቃ ሆኖ እንደ ወራጅ ውኃ ሲፈስ ስሰማ ደስታዬ ወሰን የለውም። ጋሼ «ፀጉር አስተካካይዋ» ይሉኛል። «ተጠንቀቂ፣ አንድ ቀን ጆሮ ትቆርጫለሽ።» እስቃለሁ እንጂ አልሰማቸውም።

ከሁሉም በላይ የምቆርጠው ሰላምታ ነበር። የእኛ ሰው ማይክ ፊት ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚመጣለት ጥያቄው አይደለም፤ አገር ቤት ያለው ዘመድ ነው። ድሮ በካሴት እየቀዳ ደብዳቤ ይልክ የነበረ ሕዝብ ነዋ! አንዱን ጠርቶ ሌላውን መተው ነውር ስለሆነ እናት፣ አጎት፣ የክርስትና እናት፣ ጎረቤት፣ የጎረቤት አማች፣ ሁሉም ከነማዕረጉ ይጠራል። ለሚሰማው ሌላ ሰው ይህ ሁሉ ምን ያደርግለታል? እላለሁ፤ እቆርጣለሁ።

አንድ ዓርብ አል-ጣኢፍ በሚባል የካርቱም ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ ሴት እንግዳችን ሆነች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ልጇን ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለች፣ ጎንደር አካባቢ ካለች ትንሽ ከተማ፣ ለእህቷ ትታ ከወጣች ስድስት ዓመቷ ነው። ጥሩ ተናጋሪ ነበረች። ሰላምታዋ ብቻ ግን አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ልጇን በመጀመሪያ ጠራች፤ ቀጥላ እናቷን፤ ከዚያ አገሩን ሁሉ። እኔም የልጇንና የእናቷን ሰላምታ ይዤ የቀረውን ጣልኩት። ሲያልቅ ንጹሕ ሥራ ሆነ፤ ራሴን አመሰገንኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ቀን፣ ለአሠሪዋ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ ብላ፣ ራክሻ በሚሉት ባጃጅ መጣች። ደረጃውን ሮጣ ነው የወጣችው።

«እህቴን የት ጣልሻት?» አለችኝ።

አልገባኝም።

«ስልክ አታነሳልኝም፤ ወላሂ አንድ ቀን አላነሳችም። ልጄን የማገኛት በእሷ ስልክ ነው።»

አንዲት ጎረቤት በስልክ የነገረቻትን እየተንተባተበች አስረዳችኝ። ፕሮግራሙ በተለቀቀበት ቀን እህቷ ጎረቤቱን ሁሉ ቤቷ ሰብስባለች። ድምፁ እንዲጎላ ስልኩን ሣህን ላይ አስቀምጠው ሁሉም ስሙን ይጠብቃል። የልጅቱ ስም ተጠራ፣ የእናታቸው ስም ተጠራ፣ አለቀ። ስድስት ዓመት ልጅቱን አቅፋ ያሳደገችው ሴት በሰው ፊት ስሟ ሳይጠራ ቀረ። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ሄዱ።

«እኔ እኮ ጠርቻታለሁ» አለች። «ሆን ብዬ መጨረሻ ነው ያደረግኋት። ሌላውን ጨርሼ፣ ተረጋግቼ ላመሰግናት።»

ተናደድኩ። ጥፋተኛ ስሆን መጀመሪያ የሚመጣልኝ ንዴት ነው። «ፕሮግራሙ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው» አልኳት። «ሰላምታሽ ብቻውን አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር።»

«አሥራ አንድ ደቂቃ ለስድስት ዓመት በዛ?»

 ጥሬውን ቀረጻ ከኮምፒውተሬ አጥፍቼዋለሁ፤ ቦታ እንዳይይዝ ሁልጊዜ አጠፋለሁ። አፍሬ ጥግ ላይ ስቀመጥ ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እኔ ጋ አለ» አሉ። የእያንዳንዱን እንግዳ ጥሬ ድምፅ በራሳቸው ፍላሽ ያስቀምጡ ኖረዋል፤ መቀሴን ከመጀመሪያውም አላመኑትም ማለት ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉና ሰጡኝ። 

ያንኑ ቀን አሥራ አንዱን ደቂቃ ሙሉውን፣ ከነሳሉ፣ ለእህትየዋ ላክን። ከፊቱ የራሴን ድምፅ ጨመርኩበት፤ «ስምሽን የጣልኩት እኔ ነኝ፤ እህትሽ አይደለችም። ጎረቤቶችሽን ሰብስበሽ አሰሚያቸው» አልኩ።

መልስ የለም። ሴትየዋ ሦስት ዓርብ በተከታታይ መጣች። ከስቱዲዮው በር ውጭ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። «ኢንሻአላህ ዛሬ ይመጣል» ትላለች፤ ወደ አሠሪዋ የምትመለስበት ሰዓት ሲደርስ ትሄዳለች። አንድም ጊዜ አልወቀሰችኝም። ብትሰድበኝ በተሻለኝ ነበር። ዓርብ በመጣ ቁጥር ከቤት መውጣት ያስጠላኛል፤ ያ ዓርብ ይናፍቀኛል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም።

በአራተኛው ዓርብ ጠዋት ወደ ጣቢያው ስልክ ከእህትየዋ የድምፅ መልእክት ገባ። ለእህቷ በቀጥታ መደወል ገና የከበዳት ይመስለኛል። ሴትየዋ ስትደርስ ስቱዲዮ አስገብተን የእኔን የጆሮ ማዳመጫ አደረግንላት፤ ሌላውን እኔ አደረግሁ።

እህትየዋ ቀልጣፋ ድምፅ አላት። «ተቀይሜ ነበር፤ ሰው ፊት ነዋ። አሁን ወጥቶልኛል» አለች። ከዚያ ሰላምታውን ለቀቀችው፤ ከእናታቸው ጀምሮ እስከ ባለሱቁ ድረስ። ሴትየዋ እያንዳንዱን ስም በአፏ ትከተላለች። በመጨረሻ እንዲህ ተባለ፤ «ልጅሽ ይቺውና፣ አጠገቤ ቆማለች። ነይ፣ እናትሽን ሰላም በያት። በያት እንጂ! አፈረች።» ቀጥሎ አራት ሴኮንድ ያህል ዝምታ፤ ከዚያ ተቋረጠ።

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች። «አልተናገረችም?»

«አልተናገረችም» አልኳት። ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

«ያንን ዝም ያለችበትን መልሺልኝ።»

መለስኩላት። ውስጡ የሆነ ነገር አለ፤ ትንፋሽ ነው። ስንት ዓመት ትንፋሽ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው፣ ያቺን ትንፋሽ ለማጉላት ተጎንብሼ ቁልፎቹን መነካካት ያዝኩ። የቻልኩትን ያህል አጎላኋት። ለእኔ የሹክሹክታ ያህል ነበረች። ሴትየዋ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ድገሚው አለችኝ፤ ደገምኩላት። በሦስተኛው ዓይኗን ገለጠች።

«ጉንፋን ይዟታል» አለች።

ጋሼ ቀና አሉ።

«አፍንጫዋ ተደፍኗል። በአፏ ነው የምትተነፍሰው፤ ስሚው። ሕፃን ሆናም ሲይዛት እንዲህ ነበር የሚያደርጋት።» ማዳመጫውን አውልቃ ማይኩን ወደ ራሷ ሳበች። «ቅጂኝ። ያላ!»

ቀዳኋት። «ዳማከሴ ጨምቀሽ አጠጫት» አለች። «በቀዝቃዛ ውኃ አታጥቢያት። ስትተኛ እግሯን ሸፍኚልኝ፤ ትገልጠዋለች።» ከዚያ ከማይኩ ተነሣች። ለእናቷ ሰላምታ የለም፣ ለእህቷ የለም፣ ለጎረቤት የለም።

«ሰላምታውስ?» አልኳት።

«እሱ ይደርሳል፤ ይኸን አሁን ላኪው» አለችና ቦርሳዋን አንጠለጠለች። «ሲመሽ ይብስባታል።»