ስማቸው የተዋሰው የዘር ሐረግ

ገንዘቤን ነፃ ያላወጣት መንግሥት የለም። መጀመሪያ ጣሊያን አወጣት። ደብረ ማርቆስ የተቀመጠው የጣሊያን ሹም ባሪያ የተባለውን ሁሉ ሜዳ ላይ አሰብስቦ በአስተርጓሚ «ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ናችሁ፤ ወደየቤታችሁ ሂዱ» አለ። ሰዉ እልል አለ። ገንዘቤ የምታውቀው ቤት ግን አንድ ብቻ ነበር፤ የጌታዋ የቀኛዝማች አካለ ወልድ ቤት። ወደየቤታችሁ ከተባለ ምን ታድርግ፣ ወደዚያው ተመለሰች። ጣሊያን ሲባረር ደግሞ የንጉሡ መንግሥት ዐዋጁን እንደ አዲስ አስነገረ። ቀኛዝማች ጠሯትና «እንግዲህ በሕግ ነፃ ነሽ» አሏት። «ይልቅ እንስራው ባዶ ነው።»

ስማቸው የዚች ሴት ልጅ ነው። የተወለደው ዲማ አጠገብ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከበረቱ ጎን ባለች ጎጆ ነው። አባቱ ማን እንደሆነ ሲጠይቃት «ዝም በልና ብላ» ትለው ነበር። የሚበላ በሌለበት ቀንም መልሷ ያው ነው። እናቱ ከሞተች በኋላ፣ ደርግ መሬት ለአራሹ ሲል፣ ስማቸው ጓዙን ጠቅልሎ ማንም ወደማያውቀው አገር፣ ወደ ደምበጫ ዙሪያ ተሻገረ። መሬት አገኘ፣ አገባ፣ ሚስቱ ሞተችበት፣ አንዲቷን ልጁን ዜማን ብቻውን አሳደገ።

ቀዬው ክፉ አልነበረም። ለደቦ ይጠሩታል፣ ማኅበር ያጠጡታል። ግን ጎጃም ነውና ጠላው ሁለተኛ ዙር ሲደርስ አንዱ «ለመሆኑ ስማቸው፣ የማን ወገን ነህ?» ማለቱ አይቀርም። ስማቸው ያን ጊዜ «ኧረ በሬዬ ተፈቷል!» ብሎ ብድግ ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ በሬው ሲፈታ ኖረ።

በሺ ዘጠኝ መቶ ዘጠና፣ ከፋሲካ በኋላ፣ የአቶ ቢተው ልጅ ሙሉብርሃን ዜማን ወደዳት። መምህር ነው። እሷም ወዳዋለች፤ ስሙ ሲነሳ ሊጥ ላይ ሁለት ጊዜ ጨው የምትጨምር ሆናለች። ስማቸው ከዚህ በላይ የሚመኘው ነገር አልነበረም፤ ልጁ ሠርጓ ላይ ዘር ካላቸው ሰዎች ጋር ተደባልቃ ትጥፋለት እንጂ። ቢተው ገበያ ላይ አገኘውና በወጉ አነጋገረው።

«አቶ ስማቸው፣ እንደ ልማዱ ሰባት ቤት ማስቆጠራችን አይቀርም። አባትህን ማን ልበል?»

ገበያ መሀል በሬ አይፈታም። የስማቸው አፍ ሲከፈት የወጣው «የዲማው ቀኛዝማች አካለ ወልድ» የሚል ነው።

ለምን አይወጣ? በልጅነቱ በጌቶቹ ሠርግና ተዝካር የእንግዳ እጅ ሲያስታጥብ ዘራቸው ሲቆጠር ሰምቶ እንደ ዳዊት ሸምድዶታል። የራሱ ዘር እናቱ ላይ ይቆማል፤ የእነሱ ሰባት ቤት ያለ ማቋረጥ ይሄዳል። ያልተማረው አንድ ነገር ነው። ወደ ላይ ያለውን ሁሉ ያውቃል፣ ወደ ጎን ግን ማን ከማን እንደተዋለደ አያውቅም።

ቢተው ጠንቃቃ ሰው ነው። ስሙን እንደሰማ የዚያን አገር ዘር በመቁጠር የታወቁትን መነኩሲት፣ እማሆይ ወለተ ሐዋርያትን፣ ከዲማ ድረስ አስመጣ። በሽምግልናው ቀን እማሆይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ደጁን ሲዘልቁ ስማቸው አያቸው፤ ከየት እንደመጡ የተነገረው ያን ጊዜ ነው። ቃሉ ግን ቀድሞ ወጥቷል።

«በል ቁጠር» አሉት ተቀምጠው።

«ዜማ ስማቸው፤ ስማቸው አካለ ወልድ፤ አካለ ወልድ አምደሚካኤል፤ አምደሚካኤል ደምለው…»

«ቁም! ቢተው፣ የእናትህ እናት ማን ነበረች?»

«ወለተ ኪዳን።»

«አባቷስ?»

ቢተው አሰበ። «ደምለው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ያው ደምለው ነው። በዚያም አምስት፣ በዚህም አምስት። ወንድምና እህት ናቸው፤ አይጋቡም።»

ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። ቢተው ግን ተነስቶ ስማቸውን አቀፈው። «ዘመዴ! ይህን ሁሉ ዘመን ጎን ለጎን እያረስን!» ትከሻውን ይዞ አልለቅ አለ። በስማቸው ዕድሜ እንዲህ የያዘው ሰው የለም። ደስ ብሎት ነበር፤ ከጓዳው የዜማ ልቅሶ ባይሰማ ኖሮ ደስ እንዳለው ይቀር ነበር።

«አይደለሁም» አለ። «ዋሽቻችሁ ነው። የቀኛዝማች ዘር አይደለሁም። የባሪያቸው የገንዘቤ ልጅ ነኝ። ዝምድና የለም፤ ልጆቹ ይጋቡ።»

ቢተው እጁን ከትከሻው አነሳ። ሳያስበው በጋቢው ጠረገው።

እማሆይ ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ የጠፋ ዕቃ እንዳገኘ ሰው ነው የሳቁት። «የገንዘቤ! እኔ እኮ ይህን ግንባር የት ነው የማውቀው እያልሁ… ታዲያ ምኑን ዋሸህ? የቀኛዝማች ልጅ ነህ። እመቤቲቱ እናትህን ከቤት አስወጥተው በረት ጥግ ያስቀመጧት ለምን መሰለህ? አገር ያውቀዋል፣ ላንተ ነው እንጂ ያልተነገረህ።»

ስማቸው አባቱን ያገኘው እንዲህ ነው። ወደ ቢተው ዞረ።

«እንግዲያስ ዘመድ ነን?»

ቢተው መሬት መሬቱን አየ። የመለሱለት እማሆይ ናቸው።

«ለመከልከል ነዋ። ጋብቻ የሚከለክል ዝምድና አላችሁ። ለሌላ ለሌላው እንኳ… አንተም ታውቀዋለህ።»

«እናቴ እኮ በጣሊያን ጊዜ ነፃ ወጥታለች።»

«ጣሊያን በአጥንት ምን አገባው ልጄ!»

ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ወጡ። ዜማ ከጓዳ ስትወጣ ዓይኗ ደርቋል።

«አባዬ፣ ዘመድ ናችሁ ሲሉን ለምን ዝም አላልህም? ሙሉብርሃን ቢቀር ሌላ ይመጣ ነበር። አሁን ማን ይመጣል?»

ማንም አልመጣም። ማኅበሩ ለእሱ ተራ ማድረስ ተወ፤ ለደቦ ብቻ ይጠሩታል። ሙሉብርሃን ጉንደ ወይን ተዛውሮ አገባ። ዜማ ክረምቱ ሲወጣ ደብረ ማርቆስ ሰው ቤት በሠራተኝነት ገባች። ለሠራተኛ ሰባት ቤት የሚያስቆጥር የለም፤ የሚጠየቀው ዋስ ነው። ዋስ ቢተው ሆነላት። አላንገራገረም። እዚያው ድረስ አብሯት ሄዶ ለአሠሪዎቿ «ታማኝ ልጅ ናት» አላቸው፤ «አባቷን በደንብ አውቀዋለሁ።»