የእናቴ መሐላ

እናቴ በዕድሜዋ የማለችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጌታን ከተቀበለች ወዲህ «አዎ» ካለች አዎ ነው፤ ሌላ ማጠናከሪያ አታውቅም። እኛ ልጆቿ በጨዋታ መሀል «እናቴ ትሙት» ስንል ከሰማች ምሳ ትከለክለን ነበር።

የማለችው ለታናሽ እህቷ ነው። የአክስቴ ባል ሲሞት፣ ቀድማ ከሞተችው ሚስቱ የወለዳቸው ልጆች «ቤት ጠባቂ እንጂ ሚስት አልነበረችም» ብለው ዲላ ፍርድ ቤት ከሰሷት። ቡናውም፣ እንሰቱም፣ ያረጀችበት ቤትም በዚች ቃል ሊሄድ ሆነ። ያኔ ኮቸሬ ገጠር ውስጥ የጋብቻ ወረቀት ማን ያውቃል? ሽማግሌ ተልኮ አክስቴ ስትለመን ካዩት ሰዎች በሕይወት የቀረችው እናቴ ብቻ ነበረች። እሷም አልጋ ላይ ከዋለች ከርማለች።

እኛም እንደ አገራችን ወግ አደረግን። ቃል የሚጸናው ሽማግሌዎች ፊት ነው ብለን ቤት ድረስ ጠራናቸው። እናቴን ደግፈን አስቀመጥናት፤ በዕድሜ የሚበልጡት አስማሏት፤ እያለቀሰች ማለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ሽማግሌዎቹ የፈረሙበትን ወረቀት ይዤ ዲላ ሄድኩ። ዳኛዋ ወጣት ናት፤ አልተቆጣችም። «ለእኛ መዝገብ ምስክር የምናስምለው እኛው ነን። ሌላ ቦታ የተማለውን መቀበል አንችልም» አለችኝ። መታመሟን ብናመለክት ኖሮ ቤቷ ድረስ መጥተው ይሰሟት ነበር። እምነቷ መማል የማይፈቅድላት ከሆነም እውነት እንደምትናገር ማረጋገጧ ብቻ እንደሚበቃ ነገረችኝ። እንግዲህ እናቴ ጭራሽ መማል አልነበረባትም። በማን እንደምናደድ እንኳ ግራ ገባኝ፤ ዳኛዋ እንደሆነች ያለችው ሁሉ ልክ ነው።

አመለከትን፤ ቀን ተቆረጠልን። ዳኛዋና ጸሐፊዋ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲያዝባቸው በእግራቸው መጡ። እናቴ ግን ከዋዜማው ጀምሮ አንደበቷ ተዘግቶ ነበር።

ዳኛዋ አጠገቧ ተቀምጣ «እማማ፣ እውነቱን እንደሚናገሩ ያረጋግጣሉ?» ብላ ጠየቀቻት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ጠበቀች። ዳኛዋ ጥያቄውን ዝግ ብላ ደገመችው።

አክስቴ የእናቴን ግንባር እየጠረገች «ተዪው እህቴ፣ አትድከሚ» አለቻት።

እናቴን ብዙም ሳንቆይ ቀበርናት። አክስቴም ተረታች። አሁን ዲላ ከእኔ ጋር ትኖራለች።

በቀደም አንዲት አዲስ ጎረቤት ባሏ በሕይወት ይኖር እንደሆነ ጠየቀቻት። አክስቴ «አላገባሁም» አለቻት። ሴትዮዋ እስክትወጣ ታግሼ «እንዴት እንዲህ ትያለሽ?» ብዬ ተቆጣኋት። ሽንኩርት መላጧን አላቆመችም።

«ታዲያ ማን ይምልልኛል፣ ልጄ?» አለችኝ።