ፒራሚዱን ልናሳያቸው ያሰብን ሰሞን

ፍኖተ ሰላም ከተማ ታሪክ ያስተማሩኝ መምህር ጡረታ ከወጡ በኋላ ዓይናቸው እየደከመ ሄደ። ሐኪሙም ብርሃናቸው ብዙ እንደማይቆይ ነገራቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሲሥሉት የኖሩትን ፒራሚድ ግን አንድ ቀን እንኳ አላዩትም። ስለዚህ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ስምንት ሆነን ግብፅ ልንወስዳቸው ተማከርን። አስተባባሪው እኔ ነበርኩ፤ የበረሃውን ፀሐይ ፈርቼ ሰፊ ባርኔጣ ሁሉ ገዛሁላቸው።

ፓስፖርት ለማውጣት ባሕር ዳር መሄድ ነበረብን። በቀጠሯችን ዋዜማ ውጊያ ተነሣና መንገዱ ተዘጋ። ሲከፈት ሌላ ቀጠሮ ያዝን፤ ደግሞ ተዘጋ። ከስምንታችን ሁለቱ አገር ለቀው ሄዱ፤ አንዱ ቡሬ አቅራቢያ በተኩስ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ጉዞውን የሚያነሣ ጠፋ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ መኪና መመላለስ ሲጀምር ቤታቸው ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ነገ በጠዋት ባሕር ዳር እንሂድ» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። «ልጄ፣ ድንጋይ ለመዳሰስማ የጓሮዬ ካብ ይበቃኛል» አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀምጬ ድምፄን ውጬ አለቀስኩ፤ እርሳቸውም አላዩኝም።